የአዛዡ ሁለተኛ ዓይን

ዓባይ ማዶ ከባጃጅ ተራው አጠገብ ጫማ የሚጠግን ጎረምሳ አለ። ባለፈው ሰሞን የተገነጠለ የጫማዬን ሶል ሊያጣብቅልኝ የሱፐር ግሉዋን አፍ በመርፌ ወጋ ሲያደርጋት፣ ያ ዓይን የሚቆጠቁጥ፣ ጉሮሮ የሚከረክር ሽታዋ ብድግ ብሎ መጣና፣ እኔ የሁለት ልጆች እናት፣ በአንድ እግሬ የእሱን ነጠላ ጫማ አጥልቄ በርጩማው ላይ እንደ ተቀመጥሁ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆኜ ፈዝዤ ቀረሁ። ልጁ ቀና ብሎ «ምነው እትዬ፣ አመመዎት?» አለኝ። «ሽታው ነው» አልሁት። እውነቴን ነበር። የየሰዉ ልጅነት የየራሱ ሽታ አለው፤ የእኔ ሱፐር ግሉ፣ ቲነርና ከከባድ መኪና ምንጣፍ የተራገፈ አሸዋ ይሸታል።

ያን ጊዜም የምንኖረው እዚያው ዓባይ ማዶ ነበር። አባቴ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ስለ ነበረ ቤታችን የሚያውቀው እንደ እንግዳ ነው፤ ይመጣና ጥቂት ቀን ያድራል፣ እናቴ ልብሱን አጥባ ሳትጨርስ ተመልሶ ወደ በረሃው ይወርዳል። ቤቱን ቤት ያደረጉት እናቴና የእናቴ አባት ነበሩ። አያቴን አባባ እላቸው ነበር፤ ትርንጎ የሚለውን ስሜን ያወጡልኝ እሳቸው ስለ ሆኑ፣ በሰላሞችና በሜሮኖች በተሞላ ክፍል ውስጥ ስሜ ተጠርቶ ልጆች በሳቁ ቁጥር በሆዴ የምቀየመው ሌላ ሰው አልነበረኝም። አባባ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። በትልልቅ ሸራ ላይ እቤት ይሥሉና፣ ሥዕሉ ሲያልቅ ተጠቅልሎ በጀልባ ሐይቁን ተሻግሮ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ ነበር፤ ስለዚህ ሳሎናችን ውስጥ ከወንበር ይልቅ ቅዱሳን ይበዙ ነበር፣ እንግዳ ሲመጣም አንዱን መልአክ ጠጋ አድርገን ነበር የምናስቀምጠው።

የአባባን ሕግ ፊደል ሳልቆጥር ነው ያወቅሁት። «ጻድቅ ሙሉ ፊቱን ይሰጥሻል፣ ሁለቱንም ዓይኑን ታያለሽ፤ ኃጥእ ግን ፊቱን ያዞራል፣ ለእሱ አንድ ዓይን ይበቃዋል» ይሉኝ ነበር። እውነትም በሸራቸው ላይ አሳዳጁም፣ ከሃዲውም፣ ሰይጣኑም ሁሉ በጎኑ ነበር የሚታየው። ዓይን የሚሥሉት ደግሞ ከሁሉ በኋላ ነው፤ ልብሱ፣ እጁ፣ ሰይፉ አልቆ ሲደርቅ፣ ጠዋት እህል ሳይቀምሱ፣ ከማንም ጋር ሳይነጋገሩ ተቀምጠው በአንድ ትንፋሽ ያኖሩታል። «ዓይን እስኪገባለት ድረስ ገና ጨርቅ ነው» ይላሉ። በዚያ ዓመት የያዙት ሸራ የፍርድ ቀን ሥዕል ነበር፤ ጻድቃኑ በቀኝ፣ ኃጥአኑ በግራ፣ ሁሉም ዓይን አልባ ሆነው ክረምቱን ሙሉ ሳሎናችን ውስጥ ሲጠባበቁ ከረሙ።

በዚያ ክረምት ዝናቡ አላወጣ ብሎን ነበር። የጎረቤታችን ልጅ ናሆም፣ አባቱ ኮሌጅ የሚያስተምሩና ከአዲስ አበባ ተዛውረው የመጡ፣ አንድ ቀን ጃኬቱን ራሱ ላይ ደፍቶ በጭቃው እየዘለለ መጣና «ነይ አንድ ነገር ላሳይሽ» አለኝ። አባቱ ለሥልጠና ውጭ አገር ሄደው ሲመለሱ ያመጡለት ካርቶን ነበር፤ ውስጡ ሁለት የጦር ሠራዊት አለ፣ አንዱ የጫካ፣ አንዱ የበረሃ። ወታደሮቹ ቁመታቸው ከአውራ ጣት አይበልጥም። ጭንቅላቱ ለብቻ፣ ክንዱ ለብቻ፣ ጋሻው ለብቻ ሆኖ ግራጫ የፕላስቲክ ፍሬም ላይ ተንጠልጥለዋል፤ ቆርጦ፣ ሞርዶ፣ አጣብቆና ቀለም ቀብቶ ሰው ማድረግ የተጫዋቹ ፋንታ ነው። ከዚያ በኋላ ጠረጴዛ ላይ ተሰልፈው፣ ርቀታቸው በሜትር እየተለካ፣ ዕድላቸው በዳይስ እየተጣለ ይዋጋሉ። ናሆም የጫካዎቹን ጨርሶ አረንጓዴ ቀብቷቸው ነበር። የበረሃዎቹ ግን ሰልችተውታል።

«አንቺ ውሰጂያቸው። ብቻዬን ከማን ጋር ልዋጋ? ግን ቀለም ያልተቀባ ወታደር ጠረጴዛ ላይ አይወጣም፤ ሕግ ነው» አለኝ።

እኔ በረሃ የሚለውን ቃል ስሰማ ነው እጄን የዘረጋሁት። በረሃ ማለት አባቴ ያለበት አገር ነበር፤ ከኮምቦልቻ ወዲያ፣ ሰው ስሙን እንጂ መልኩን የማይነግረኝ ቦታ። ፍሬሞቹን በቀሚሴ ሸፍኜ ወደ ቤት ሮጥሁ።

ከክረምቱ የቀረው በመቁረጥና በማጣበቅ አለቀ። መቁረጫዬ የእናቴ ጥፍር መቁረጫ፣ መሞረጃዬም የእሷው የጥፍር ሞረድ ነበር። አንድ ቀን አመልካች ጣቴና አውራ ጣቴ ተጣብቀው አልላቀቅ ቢሉ እናቴ በሞቀ ውሃና በሳሙና እያሸች «ይኸ ነው የቀረሽ፤ ሌላዋ ሴት ልጅ ሹሩባ ትሠራለች፣ የእኔዋ ጦር ትሰብቃለች» ትለኝ ነበር። አንዱን ወታደር ጭንቅላቱን ወደ ኋላ አጣብቄው፣ ዕድሜ ልኩን ከጀርባው የሚመጣውን ሲጠብቅ የሚኖር አድርጌዋለሁ። አባባ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ያዩኝ ነበር። አልከለከሉኝም፤ ዝም ብለው የተረፈ ቀለማቸውን በቆርኪ እየቆነጠሩ አጠገቤ ያስቀምጡልኝ ጀመር።

በመስከረም አባቴ ለበዓል መጣ። መኪናውን ከአስፋልቱ ዳር አቁሞ ገና ሳይወርድ እኔ መጥረጊያና ጆንያ ይዤ ጋቢናው ውስጥ ወጣሁ፣ ምንጣፉን አራገፍሁ፣ ከፔዳሎቹ ሥር ጠረግሁ፤ እንደዚያ አድርጌ ከወታደሮቹ እግር ሥር የሚለጠፍ የእውነት የበረሃ አሸዋ ሰበሰብሁ። የሐይቃችን ዳር ጥቁር ጭቃ ስለ ሆነ ለዚህ አይሆንም ነበር። አባቴ ሽርጡን እንዳገለደመ ከታች ቆሞ «እኔ ልረሳው እመጣለሁ፣ አንቺ በጆንያ ታስገቢዋለሽ» እያለ ይስቃል። አሸዋውን በእናቴ የዱቄት ወንፊት ነፋሁት፤ በዚህ የተነሣው ጩኸት ግን ሌላ ታሪክ ነው።

«በረሃው ቢጫ ነው አይደል?» ብዬ ጠየቅሁት፣ ቢጫ ቀለም አዘጋጅቼ።

«ማን ነገረሽ? ድንጋዩ የከሰለ ነው የሚመስል። አቧራው ደግሞ ሽሮ። ሰማዩ እንኳ ሰማያዊ አይደለም እኮ፣ ነጭ ነው» አለኝ፣ ከዚያም ትንሽ አሰብ አድርጎ «ሰው ከሩቅ ሲመጣ ውሃ ላይ የሚራመድ ይመስላል» ብሎ ጨመረ።

እንዳለኝ አደረግሁ። መሬታቸውን የከሰል፣ ልብሳቸውን የሽሮ ቀለም ቀባሁት። ከሁሉም ረዘም ያለውን፣ ራሱን በሻሽ የጠመጠመውንና አንድ እጁን ወደ ላይ ያነሣውን አዛዥ አደረግሁትና፣ ወገቡ ላይ እንደ አባቴ ያለ ባለ መስመር ሽርጥ አሰርሁለት፤ መስመሯን ለመሥራት ትንፋሼን ይዤ ስንት ጊዜ እንደ ሞከርሁ እኔ ነኝ የማውቅ። አባቴ አንሥቶ አየው፣ ሽርጧን አየ፣ እኔን አየ፤ ፈገግ ብሎ ቀስ አድርጎ መለሰው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ ጄኔራል ሆነ። ከመንገድ ሆኖ ሁልጊዜ እሑድ ማታ ሲደውል እናቴን ከማናገሩ በፊት እኔን ያስጠራና «ጄኔራል፣ ስንት ደረሱልሽ?» ይለኝ ነበር። እኔም እቆጥርለታለሁ። ከትርንጎነቴ ያስታረቀኝ ይኸ ስም ይመስለኛል።

ጥቅምት ሲያልቅ ሠራዊቴ ከዓይን በቀር ሙሉ ነበር። የእኔ ብሩሽ ለዓይን ወፍራም ነው፤ ብሞክረው ፊታቸውን ሁሉ እንደ ኩል አጠቆረው። አባባ አዩና «ዓይኑን ለእኔ ተዪው፤ የገና ጾም ይግባና እሥልልሻለሁ» አሉኝ። ከናሆም ጋር ቀጠሮ ያዝን፤ ከገና በፊት ባለችው ቅዳሜ፣ በእነሱ በረንዳ ላይ።

በኅዳር አንድ እሑድ ስልኩ ሳይጮኽ መሸ። መጀመሪያ ብዙም አልተጨነቅንም፤ በዚያ መንገድ ኔትወርክ የሚባል ነገር እንደ ፈለገው መጥቶ እንደ ፈለገው ይሄዳል። በሚቀጥለውም እሑድ አልጮኸም። ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች፣ ቀና ሳትል «አባትሽ ደውሎ ነበር እኮ፤ ሰላም በያት ብሎሻል» አለችኝ።

«ስለ ወታደሮቼ ጠየቀ?»

«ጠየቀ።»

«ምን አለ?»

«ጎበዝ በያት አለ።»

አባቴ ጎበዝ የሚባል ቃል ለእኔ ተናግሮ አያውቅም። ጄኔራል ይላል፤ ስንት ደረሱ ይላል። ዋሸችኝ እንጂ አልደወለም። እንደማውቅ ግን አልነገርኋትም፣ ምክንያቱም ብነግራት እውነቱን ትነግረኛለች፤ እኔ ደግሞ እውነቱን አልፈልገውም ነበር። ከዚያ ወዲያ ሁለታችንም እየተዋሸን በአንድ ቤት መኖር ጀመርን። ስልኩ ኔትወርክ በሚይዝበት መስኮት ላይ ተቀመጠ፣ ማንም እንዳይነካው ተባለ። እናቴ ምግብ ታቀርባለች እንጂ አትበላም፤ ከአስፋልቱ የከባድ መኪና ጥሩምባ በሰማች ቁጥር የያዘችውን ነገር ይዛ ቀጥ ትል ነበር። አንድ ጠዋት ከአጥሩ ሥር ቆማ፣ ለኪዳነ ምሕረት «በደኅና መልሽልኝ እንጂ…» ብላ ስትሳል ሰማኋት። ስለቱ ምን እንደ ሆነ አልሰማሁም።

እኔም ተሳልሁ፤ ግን ለማንም አልነገርሁም፣ ለማንም የሚነገር አልነበረማ። የትልቅ ሰው ስለት ጃንጥላ ነው፣ ጧፍ ነው፤ እኔ የነበረኝ ፕላስቲክ ነው። አዛዡ በቅዳሜው ጦርነት እስከ መጨረሻው ጠረጴዛው ላይ ከቆመ አባቴ ይመጣል አልሁ። ከወደቀ የሚለውን አልጨረስሁትም። ማታ ማታ ስተኛ ያ ያልጨረስሁት ዐረፍተ ነገር አጠገቤ ይተኛ ነበር።

ጾሙ ገብቶ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ሠራዊቴ መስኮቱ ደፍ ላይ ተሰልፎ፣ ዓይን ተሥሎለት ሲደርቅ አገኘሁት። ቦርሳዬን እንኳ ሳላወርድ ሮጬ ተንበረከክሁ። ሁሉም አንድ ዓይን ነበራቸው። አባባ በዚያ በተመሰገነ እጃቸው የእያንዳንዱን ፊት ግማሽ በጥላ ቀለም ደፍነው፣ በቀረው በኩል አንዲት ሾለክ ያለች ዓይን አኑረውላቸው ነበር፤ ልክ በሸራው በግራ በኩል እንዳሉት። አዛዤም አንድ ዓይን ነው። ባለ ሽርጡ አዛዤ ፊቱን አዙሮብኝ ቆሟል።

አባባ ከወንበራቸው ላይ ምስጋና የሚጠብቅ ሰው ፈገግታ ይዘው «አየሻቸው?» አሉ። «ወገናቸውን አላውቅ ብል ናሆምን ጠየቅሁት፤ የበረሃዎቹ ወራሪዎቹ ናቸው፣ የጨዋታው መጽሐፍ ላይ እንደዚያ ይላል አለኝ። ታዲያ ለወራሪ ሁለት ዓይን ከየት አመጣለሁ?»

«አባቴ ነው!» ብዬ ጮኽሁ። «እሱ እኮ አባቴ ነው! አባቴን ኃጥእ አደረጉት! አሁን አይመጣም!» በዚያ ሁሉ ጩኸት ውስጥ አንቱታውን አለመጣሌ ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል፤ ያን ቀን ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረም። እናቴ እጇን ውሃ እንዳራሰው ከጓዳ ብቅ አለች። ወደ እሷ ዞርሁና «አንቺም ዋሽተሻል፤ አልደወለም!» አልኋት።

እናቴ እዚያው በሩ ሥር መሬቱ ላይ ተቀመጠች። «አልደወለም» አለች። «ከዚያች እሑድ ወዲህ ስልኩ አይሠራም። ባለ መኪናውም አላውቅም ነው የሚለኝ።» እኔ እውነቱን ሰማሁ፣ ጣሪያው ግን አልወደቀም፤ ሄጄ እርጥብ እጇን ያዝሁት።

አባባ ከወንበራቸው ተነሡና አዛዡን በሁለት ጣታቸው አንሥተው ወደ ብርሃኑ ወሰዱት። ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞሩ «ዓይኑ እኮ አልጠፋም፤ ፊቱን ስላዞረ ነው የማናየው። ፊቱን ወደኛ ካዞረ ይታያል» አሉ። በማግስቱ ጠዋት ከአልጋዬ ሳልነሣ ጀምሮ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ነበር። ጥላውን በቀጭኗ ብሩሽ አነሡት፣ ሁለተኛዋንም ዓይን አኖሩ፤ ለአዛዡ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም፣ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ላጣበቅሁትም ጭምር። ሲጨርሱ «ባልደረቦቹ ናቸው፤ ለብቻው እንዴት ይመጣል?» አሉኝ። ናሆም ይቆጡኛል ብሎ ፈርቶ በመጣ ጊዜም ራሱን ዳበሱት፤ «አንተ አይደለህም ልጄ፤ ሳላውቀው የፈረድሁበት እኔ ነኝ» አሉት።

ቅዳሜዋ ደረሰች። ናሆም በረንዳቸው ላይ ትልቅ ኮምፔንሳቶ ዘርግቶ፣ የእኔን አሸዋ በትኖበት፣ ጥቋቁር ድንጋይ ደርድሮበት ጠበቀኝ። ታኅሣሥ ነው፤ ከሐይቁ ቀዝቃዛ ነፋስ ይነፍሳል፣ እኔ ግን ያልበኝ ነበር። ሕጉ ቀላል ነው፦ ተራ ወታደር አንዴ ከተመታ ከጠረጴዛው ይነሣል፤ አዛዥ አንዴ ቢመታ ይቆስላል፣ ዳግም ሲመታ ነው የሚወድቅ። ናሆም ያን ሁሉ ታሪክ ሰምቶ፣ ስለቴንም በመጨረሻ ለእሱ ብቻ ነግሬው ስለ ነበር ዓይኔን አያይም። ጀመርን።

መጀመሪያ ጥሩ ሄደልኝ፤ በጣም ጥሩ ሄደልኝ። የናሆም ፈረሰኞች ከአዛዤ ፊት እየደረሱ ይቆማሉ፤ አንድ ጣት ሲቀራቸው ይቆማሉ። ሁለተኛ ጊዜ ሲሆን ሜትሩን አየሁት፤ ናሆም ጫፉን በአውራ ጣቱ አጥፎ አሳጥሮ ነበር የሚለካው።

«ታጭበረብራለህ» አልሁት።

«ለአንቺ ብዬ ነው ባክሽ።»

«ለእኔ ብለህ ከሆነ አይቆጠርም። እግዚአብሔር ያያል።»

«እና ከወደቀስ?» አለኝ፣ ድምፁ ቀጥኖ። ሁለታችንም አሥራ አንድ ዓመታችን ነበር፤ በሁለታችን እጅ ላይ ግን የሰው ነፍስ የተቀመጠ መሰለን።

«በትክክል ለካ» አልሁት። ለካ። ፈረሰኞቹ ደረሱ። ወታደሮቼ አንድ በአንድ ከጠረጴዛው ተነሡ፤ የሽሮ ልብሳቸው፣ ሁለት ሁለት ዓይናቸው፣ ሁሉም ወደ ካርቶኑ ገባ። ጭንቅላቱ የዞረው ከሁሉ በኋላ ነው የወደቀው። ቀጥሎ የአዛዡ ተራ ሆነ። ናሆም ዳይሱን ጣለ፤ መታው። ቆሰለ። አንድ ጥቁር ጠጠር የቁስል ምልክት ሆና እግሩ ሥር ተቀመጠች። የቀረችው አንዲት ዕጣ ነበረች፤ አራትና ከዚያ በላይ ከወጣ ይወድቃል፣ ከአራት በታች ከወጣ ጨዋታው እዚያው ያበቃል። ናሆም ዳይሱን በሁለት እጁ ይዞ «አልጥልም» አለ። «ጣል» አልሁት። ጣለው። ዳይሱ ኮምፔንሳቶውን ዘሎ በረንዳው ላይ ተንከባለለና ከአበባ ማሰሮዎቹ ኋላ ገባ። ሁለታችንም በጉልበታችን ሄድን። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። «ሁለት ነው» አለ ናሆም። «ትርንጎ፣ ሁለት ነው፣ አልነካሁትም፣ እዪው።» አየሁት፤ ሁለት ነበር።

ጦርነቱን ተሸንፌአለሁ። አዛዤ ግን በዚያ ሁሉ ባዶ አሸዋ መካከል ብቻውን፣ ቆስሎ፣ እጁን እንዳነሣ ቆሞ ነበር። በኪሴ ይዤው ወደ ቤት ገባሁ። ስልኩ መስኮቱ ላይ ነው፤ አልጮኸም።

ለገና ሁለት ቀን ሲቀረው አንድ የአባቴ የሥራ ባልደረባ በራችንን አንኳኳ። እናቴ ከፍታ ፊቱን ስታይ የበሩን ጠርዝ ጨበጠች። ሰውየው ፈጠን ብሎ «አለ፣ አለ እኅቴ» አለ፣ «ቆስሎ ነው እንጂ አለ። ቁልቁለቱ ላይ ከፊቱ ከነበረው መኪና ድንጋይ ተፈናጥሮ የፊት መስታወቱን ሰበረበት፣ መኪናውም ገደሉ አፋፍ ላይ ሄዶ ቆመ። ስልኩም የገባበት አልታወቀ፤ እሱም ነፍሱን ያወቀው ገና ሰሞኑን ነው። ሆስፒታል ነው ያለው፤ ሲሻለው ይመጣል።» እናቴ እልል አላለችም፣ አላለቀሰችም፤ ወደ ጓዳ ገብታ ከዚያች እሑድ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥግብ ብላ በላች።

አባቴ የመጣው ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው። ባጃጅ በራችን ላይ ቆመች፣ ቀስ ብሎ ወረደ፤ ከስቷል፣ ግራ ዓይኑ በነጭ ፋሻ ተሸፍኗል። እናቴ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ስታየው ቆየችና ፋሻውን በጣቷ ሳትነካ እየዞረች «ይቺስ?» አለችው። «እሷ እዚያው ቀረች» አላት። እኔ ወገቡ ላይ ተጠምጥሜ ነበር፤ ይህን ስሰማ ቀና ብዬ ያየሁት አባባን ነው። አባባ በሩ ላይ ቆመው ነጠላቸውን በአፋቸው ይዘው ነበር። ወደ እሱ ሊመጡ አንድ እግር አነሡና መለሱት።

«እጄ ነው» አሉ። «ይህ የእኔ እጅ ነው።»

አባቴ ስላልገባው እናቴ በሹክሹክታ ነገረችው። ሰምቶ ሲጨርስ ዘወር ብሎ «ጄኔራል፣ ያንን ሰውዬ አምጪልኝ» አለኝ። አመጣሁለት። ወደ ደኅናዋ ዓይኑ አስጠግቶ አየው፣ አገላበጠው፤ «መልከ መልካም አድርጋችሁኛል» አለ፣ «ግን አንዲት ዓይን አብዝታችሁልኛል።» አባባ ማልቀስ ጀመሩ፤ ሽማግሌ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፣ ትከሻቸው ብቻ ነበር የሚነቃነቀው። አባቴ ሄዶ ትከሻቸውን ሳመ። «አባ፣ እኔን የወጋኝ መስታወት ነው። ብሩሽ አይደለም» አላቸው።

ይህን ቢላቸውም አባባ ለብዙ ጊዜ ብሩሽ አልያዙም። ሸራው ዓይን አልባ እንደ ሆነ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ ከረመ፤ ከገዳሙ መልእክት ቢመጣባቸው «ገና ነው» ይሉ ነበር። ዐቢይ ጾም ገብቶ አንድ ጠዋት ግን ማልደው ተቀመጡ፣ የማንንም ሰላምታ ሳይመልሱ ቀኑን ሙሉ ሣሉ፣ በማግስቱም። ሲጨርሱ እኔና እናቴ ገብተን አየን። ኃጥአኑ እንደ ወትሮው ፊታቸውን አዙረዋል፣ ጻድቃኑም ሙሉ ፊታቸውን ሰጥተውናል። በቀኝ በኩል ከሰልፉ ጫፍ ግን አንድ ሰው ነበር፤ እንደ ሌሎቹ ሙሉ ፊቱን የሰጠ፣ አንዲቱ ዓይኑ የተከፈተች፣ ሌላዋ የተጨፈነች፣ ከነጭ ልብሱ ሥር ባለ መስመር ሽርጥ ጫፏ ብቅ ያለች። እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። ሥዕሉን ሊወስዱ የመጡት አባት ጠጋ ብለው «መሪጌታ፣ ይኸ ጻድቅ ነው ኃጥእ?» ብለው ቢጠይቋቸው አባባ ብሩሻቸውን እያጠቡ «በቀኝ ነው ያለው» ብለው መለሱ። ከዚያ በኋላ ሌላ ሸራ አልጀመሩም።

ባለፈው ጥር አባቴንና ልጆቼን ይዤ ወደ ገዳሙ በጀልባ ተሻገርሁ። አባባ ካረፉ ቆይተዋል። አንድ ወጣት ዲያቆን በመቋሚያው እየጠቆመ ግድግዳውን ሲያስረዳን ከሰልፉ ጫፍ ደረሰና «እዚህ ላይ ሠዓሊው በእርጅና ዘመናቸው ስለ ሣሉት ዓይናቸው ደክሞ ተሳስተዋል፤ ጻድቅን አንድ ዓይን አድርገውታል። ሲታደስ ይስተካከላል» አለን። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት አባቴ ክንዴን ያዘኝ፣ ቀረብ ብሎም «ልጄ፣ ሠዓሊውን አውቃቸዋለሁ። አልተሳሳቱም፤ እንዳትነኩት ብለህ ንገርልኝ» አለው። ዲያቆኑ ሊመልስለት ቀና አለ፤ የአባቴን ፊት አየ፣ ግድግዳውን አየ፣ እንደገና የአባቴን ፊት አየ። ከዚያ መቋሚያውን ወደ ራሱ ሰብሰብ አድርጎ «እሺ አባቴ» አለ።

አዛዡ አሁን በእኔ መስኮት ላይ ቆሟል፤ ሽርጡ ትንሽ ደብዝዛለች፣ ሁለቱ ዓይኖቹ ግን እንዳሉ ናቸው። ያኔ እሱና አባቴ አንድ እንዲሆኑ ነበር የምለምነው፣ ዛሬ ባለመመሳሰላቸው ምንም አይከፋኝም። አባቴም መኪና ከተወ ብዙ ጊዜው ነው፣ ከእኔ ቤት በእግር የሚደረስበት ቦታ ነው የሚኖር፣ ከፈለገ መጥቶ ሊጠይቀኝ ይችላል፤ እሱ ግን እሑድ እሑድ ማታ ይደውልና «ጄኔራል፣ ስንት ደረሱልሽ?» ይለኛል፣ የልጅ ልጆቹን ማለቱ ነው። እኔም እንደ ድሮው እቆጥርለታለሁ። ያኔ አንዲት ጥሪ ለመስማት ስንት እሑድ ነው መስኮት ሥር የጠበቅሁት፤ ዛሬ ስልኩ ሲጮኽ ሁለተኛ ጊዜ እስኪጮኽ ሳልጠብቅ አነሣዋለሁ።